በሽቦ የበረረችው ሙሽራ

ማክሰኞ፣ የካቲት 18

ግድግዳው ዛሬም በእርጥበት ያልበዋል። ልብስ ከተሰጣ ሰነበተ... አልደርቅ አለ። ሚስቴ ዩክ-ሃ ሸሚዜን በፀጉር ማድረቂያ እያደረቀች፣ "ምግብ ማብሰሉ አልበቃ ብሎ አሁን ደግሞ ባል ማድረቅ!" ትላለች። ታች ወርደን የሩዝ ገንፎ በላን።

ሳልጨርስ ስልክ ተደወለ። የማላውቃት ወጣት ሴት ድምፅ።

"አጎቴ ታክ-ሚን ነዎት? ሲ-ዊንግ እባላለሁ። 'የሻይ ቤቷ ሙሽራ' የተባለውን ፊልም አጽድተን በዲስክ ልናወጣው ነው።"

"ዛሬም ዲስክ የሚገዛ አለ እንዴ?"

"እንዴታ! የሚወዱትን ፊልም መደርደሪያቸው ላይ ካላዩ እንቅልፍ የማይወስዳቸው አሉ።"

አንድ ነገር ልታሳየኝ ትፈልጋለች። ምን ይሆን?

ሐሙስ፣ የካቲት 20

ሄድኩ። የድሮ ፋብሪካ ሕንፃ ላይ አንዲት ጠባብ ክፍል። ሲ-ዊንግና ባልደረቦቿ፣ ፊልሙ ሲሠራ አንዳቸውም አልተወለዱም፤ ግን እያንዳንዱን ቃል በቃላቸው ይዘውታል።

ማን የማይዘው አለ? ሠርጓ ሳይደርስ የሞተች ሙሽራ፣ ሻይ ሲቀዳ እጁ የሚንቀጠቀጥ አስተናጋጅ፣ መንፈስ መሆኗን እያወቀ የሚወዳት። በየበዓሉ ቴሌቪዥን ያሳየዋል። ሁሉም የሚያነሳው ደግሞ ያንን ቦታ ነው... እጁን ይዛ ከፎቅ በፋኖሶቹ መሃል ስትበር።

ያ ሁሉ ዓመት ምስሉ ጭጋግ ነበር። አሁን አጥበውታል። ነፋሱ የሙሽራዋን ዓይነ ርግብ ገለጥ ሲያደርገው... እኔ! ማንቁርቴ ፈጦ! ያን ቀን ጢሜን ሳልላጭ መግባቴ ሳይቀር ይታያል። ፑይ-ሳን፣ ሙሽራዋን የሠራችው ተዋናይት፣ ታች ቆማ ነበር። በእሷ ፋንታ ቀሚሷን ለብሼ፣ ዊግ ደፍቼ በሽቦ የተንጠለጠልኩት እኔ ነኝ።

ልጆቹ ሳቃቸውን ለመዋጥ ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። ቀድሜ የሳቅሁት እኔ ነኝ።

ሲ-ዊንግ ግን አልሳቀችም። "አጎቴ፣ የፊልሙ ባለቤት በኮምፒውተር የፑይ-ሳንን ፊት እዚያ ላይ አድርጉበት ብለዋል። ሳልጠይቅዎት አልነካውም ብዬ ነው።"

"አድርጉበት" አልኩ። ምን ይጎድልብኛል?

ዓርብ፣ የካቲት 21

ምግብ አልበላ አለኝ። ለምን?

እሑድ፣ የካቲት 23

ለዩክ-ሃ ነገርኳት። የፊልሙ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ የተዋወቅነውም እዚያው ነው። የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች።

"ሊያጠፉህ ነው፣ አንተ ደግሞ እሺ ብለህ መጣህ?"

"ፊቴን ብቻ ነው..."

"ያንን ቀሚስ ለአንተ ትከሻ እንዲበቃ ሌሊቱን ሙሉ የሰፋሁት ማን እንዲለብሰው መሰለህ? ኮምፒውተር?"

"አንቺ ሴት፣ የፍቅር ፊልም እኮ ነው። ሰው ሊያለቅስ ተዘጋጅቶ ጢሜን ሲያይ ይስቃል።"

"ይሳቃ! ኮሜዲ አይደል እንዴ?"

እውነቷን ነው። ሌላ ፊልም ላይ ፊቴ የለም። አሥራ ምናምን ፊልም... በጀርባዬ፣ በጭንብል፣ በጭስ ውስጥ። ለካ ምግብ ያስጠላኝ እሱ ነው።

ሰኞ፣ የካቲት 24

ደወልኩ። ተንተባተብኩ። "ቃሌን ባጥፍ ይከፋሻል?" አልኳት። ሲ-ዊንግ ስልኩ ውስጥ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ግን የፊልሙ ባለቤት እንቢ ካለ እንቢ ነው። ፑይ-ሳንም ትጠየቅ ተባለ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 3

ፑይ-ሳን እነ ሲ-ዊንግ ክፍል መጣች። ፀጉሯ ጥጥ ሆኗል። አረማመዷ ግን ያው... ሰው ሁሉ የሚነሳለት። እኔም ተነሳሁ።

"አ-ሚን! አልሞትክም?"

"አንቺን ሳልጠይቅ እሞታለሁ?"

የፊልሙ ባለቤት፣ ክራቫቱን የሚያስተካክል ጎልማሳ፣ አጠገቧ ተቀመጠ። ምስሉ ተከፈተ። ዓይነ ርግቡ ተገለጠ። ፑይ-ሳን ሳቀች፣ ሳቀች... እንባዋ ኩሏን ይዞት ወረደ።

"እንግዲህ ያዩታል፣ የእርስዎ ፊት ቢሆን ይሻላል" አለ ሰውየው።

"ልጄ፣ እኔ ወንበር ላይ ስቆም የሚያዞረኝ ሴት ነኝ። እሱ ግን ያን ዕለት ሽቦው ተበጥሶ ወድቆ፣ ተነስቶ እንደገና በሯል። የበረረ ሰው ላይ የኔን ፊት ትለጥፋለህ?"

"ገዢዎች ቅር ይላቸዋል..."

"እሺ፣ ለጥፍ። ልፈርምልህ ቃል የገባሁት የዲስክ ሽፋን ሁሉ ግን... አንተው ፈርመው።"

ሰውየው ክራቫቱን ተወው። ሳቀ። ምን ያድርግ? የእኔው ፊት ይቆይ አለ።

ስንወጣ ክንዴን ያዘችኝ። "አንተ ያን ጊዜ ስትወድቅ ዩክ-ሃ እንዴት እንደጮኸች ታስታውሳለህ? ይሄ ልጅ አገባ ብዬ ነበር።" አላስታውስም። ራሴን ስቼ ነበራ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14

ዲስኩ ወጣ። ለመክፈቻው ትንሽ አዳራሽ ተከራይተው አሳዩት። ስሜ መጨረሻው ላይ፦ "የበረረችው ሙሽራ፦ ታክ-ሚን።"

ያ ቦታ ሲደርስ ወንበሬን ጨበጥኩ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አንዱማ "ጢም!" ብሎ ጮኸ። ከዚያ አስተናጋጁ፣ "እንዳትለቂኝ" አላት... ጸጥ። ያ ሁሉ ሰው ጢሜን አይቶም ጸጥ አለ። ከኋላዬ አንዲት ልጅ አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማሁ። ጭብጨባው ከየት እንደተነሳ እንጃ።

ልጃችን ዋይ-ኪ ከጎኔ ነበረች። "አባዬ፣ ለምን አልነገርከኝም?"

"ቀሚስ ለበስኩ ብዬ ልንገርሽ?"

"ታምሪያለሽ እኮ!" አለችኝና ጉንጬን ሳመችኝ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 17

ገበያ ወጣን። ሥጋ ሻጩ ገና ከሩቅ ሲያየኝ ቢላውን አነሳ። "እንኳን ደህና መጣሽ ሙሽሪት! ዛሬ ምን ልቁረጥልሽ?" ሰፈሩ ሁሉ ዞረ። ዓሣ ሻጯ ሳትቀር እየሳቀች አሻግራ አየችኝ።

ፊቴን አልደበቅሁም። እንዲያውም እንደ ሙሽራ አንገቴን ሰበር አደረግኩ።

ዩክ-ሃ ዘንቢሏን ክንዷ ላይ ሰቅላ ፊቱ ቆመች። "ቀልዱን ተውና ጎድኑን ቁረጥ" አለችው። "እሱ የኔ ሙሽራ ነው።"