የክርስትና ስምህ

ይድረስ ለልጄ ለምስክር። አዲስ አበባ እንዴት ይዛሃለች? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን፤ በቆሎው ገብቷል፣ ላሟም ወልዳለች።

ኔትወርክ ሲመጣ እህትህ ያምሮት አዲስ የከፈትከውን ብሎግ አነበበችልኝ። ሰው የለፋበት የራሱ እንደሆነ፣ የመንግሥትም ሥልጣን ልክ ሊበጅለት እንደሚገባ የጥንት ፈላስፎች ያሉትን ታስረዳለህ። ገብቶኛል፤ ኮርቻለሁም።

«እማ፣ ሁለት ሺህ ሰው አንብቦታል!» አለችኝ።

«ስሙን ከነአባቱ ጽፎታል?» አልኳት።

«ታዲያ የጎረቤት ስም ይጻፍልሽ?» ብላ ሳቀችብኝ።

ወንድምህ አብተውም ስብሰባ ላይ እጁን ባወጣ ቁጥር መጀመሪያ ስሙን ከነአባቱ ይናገር ነበር። መጥተው የወሰዱትም በዚያው ስም ጠርተው ነው።

እሑድ ሙት ዓመቱን አወጣንለት። የንስሐ አባታችን ለጸሎቱ የሟቹን የክርስትና ስም ሲጠይቁኝ ያንተን በጆሯቸው ነገርኳቸው። «ተይ እልፍነሽ፣ ይኼ እኮ በሕይወት ያለው ነው!» ብለው አቋረጡኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ከዚያ የአብተውን ስም ነገርኳቸው።

ያምሮት ብሎግ ላይ የፈለጉትን ስም መጻፍ ይቻላል ብላኛለች። የክርስትና ስምህ እኮ ያምራል፣ ልጄ። ከእኔና ከንስሐ አባታችን በቀር የሚያውቀውም የለም።

ደብዳቤዬ በጤና ያግኝህ፤ እንደደረሰህ ደውልልኝ።

እናትህ እልፍነሽ፣ ከፍኖተ ሰላም