ሠላሳ ገጽ የራቀው ፍርድ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12
ከመዛግብት ክፍሉ

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? የዓይንዎ ጠብታ እንዳያልቅ እህቴን በየሳምንቱ እጨቀጭቃታለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ንዴቴን ካልቆጠሩት።

«ፕሮፌሰርነቱ ምን ደረሰ?» ብለዋል። በመጽሐፌ ያለችውን መበለት ያስታውሷታል? የባሏ ወንድም ቤቷን የነጠቃትን። ቃዲው «ምስክር የለሽም» ብሎ አሰናበታት ብዬ፣ ያንኑ ይዤ የዘመኑ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ለሴት ጆሮ አይሰጥም ነበር አልኩ። ሃያ ዓመት አስተማርኩት። ባለፈው እንደጻፍኩልዎ፣ መዝገቡን እንደገና ሳገላብጥ ከሠላሳ ገጽ በኋላ አገኘኋት። በሳምንቱ ሁለት ምስክር ይዛ ተመልሳለች፤ ቃዲውም ቤቷን መልሶላታል። መዝገቡ እንደ አዲስ ሲጠረዝ ወረቀቱ ቦታውን ስቶ ኖሯል።

ማረሚያ ጽፌ ለመጽሔታችን ልሰጥ ስል የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ አስጠራኝ።

«ምን ነካሽ? ሹመትሽ ሳይጸድቅ በገዛ እጅሽ?» አለኝ። «የግድ ካልሽ በጠራዡ አሳብቢያ! ማን እንደጠረዘው ከድሮ ሠራተኞች ዝርዝር ይገኛል። ስሙን ጥቀሺና ተገላገይ።»

«መጽሐፉ ላይ ያለው የማን ስም ነው? የጠራዡ?» አልኩት። «ገጹን መቁጠር የእኔ ሥራ ነበር።»

በሩን ዘግቼ ወጣሁ፤ ትንሽ ሳላጠነክረው አልቀረሁም። ትናንት ማረሚያው በእኔ ስም ብቻ ወጣ፣ ሹመቴም «ለጊዜው ይቆይ» ተባለ። ይቆይ! ያቺ ሴት በእኔ ጦስ ሃያ ዓመት ሙሉ ተሸናፊ ሆና ኖራለች፤ እኔ ጥቂት ብጠብቅ ምን እሆናለሁ? ቢመጣም ባይመጣም አንዲት ቃል አልሰርዝም።

«የጠረዘውስ ማን ነው ይባላል?» ብለው ጠይቀውኛል። የት አውቄ፣ አባባ? ክሩ ወፍራም ነው፣ ቋጠሮው ድርብ ነው። ድርብ የሚቋጥር ስንቱ ነው! እርስዎም የፍርድ ቤቱን መዝገቦች ለጥረዛ ቤት ድረስ ሲያመጡ «የክሩን ጫፍ ያዢልኝ» ይሉኝ አልነበር? ያን አሮጌ ጽሕፈት ማንበብ የለመድኩት ያኔ ነው። ዞር ሲሉ ጠብቄ ወረቀት እየመዘዝኩ አነብ ነበር፤ ስመልሰውም ባገኘሁት ገጽ መሃል ነበር የምሸጉጠው። ስለዚህ ጥፋቱ የእኔ ነው ስል ይመኑኝ።

ይህን እህቴ ድምጿን ከፍ አድርጋ ታንብብልዎ። አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ እነዚያን እጆችዎንም ይባርክልኝ።

የክሩን ጫፍ የያዘችው ልጅዎ