የአራስ ቤት ወረፋ

ማክሰኞ፣ የካቲት 3። ከቀኑ 9 ሰዓት

አሁን ነው ቦኖውን ቆልፌ የገባሁት። ጫማዬ ጨቅይቷል፣ ወገቤ የኔ አይመስልም። ሃምሳ ሁለት ጀሪካን ተደርድሮ ሠላሳ ስምንቱ ሲሞላ ቧንቧው አየር መትፋት ጀመረ። የቀሩት እኔን ሰደቡኝ፤ ውሃውን የምደብቀው እኔ ይመስል። በዐሥራ አንድ ቀኑ የመጣ ውሃ ነው፣ አልፈርድባቸውም።

ደብተሬ፣ የእሑዱን ስብሰባ አልነገርኩሽም። ድሮ በሰፈራችን ለቅሶ ቤትና አራስ ቤት ያለ ወረፋ ይቀዳ ነበር። ጀሪካኑ ወደ ፊት ይገፋል፣ አለቀ፣ ማንም ትንፍሽ አይልም። ዘንድሮ ውሃው ሲጠፋ ሰዉ ዋሾ ሆነ። ልብስ ሰፊዋ ሙሉ፣ ድሬዳዋ ያለችው አክስቴ ሞተች ብላ ሦስት ጀሪካን ቀዳች። እኔ ሞኟ የአክስቷን ልጆች ላጽናና ስልክ ብደውል ያነሳችው ሟቿ ራሷ። ሙሉ ደህና ናት ወይ ትለኛለች። ሌላ ደግሞ፣ አንድ ሕፃን በአንድ ሳምንት ሁለት ቤት ተወልዶ አገኘሁት። ያቺው ቢጫ ኮፍያ በራሱ ላይ።

ስለዚህ ተነስቼ ተናገርኩ። ከዛሬ ጀምሮ ለማንም ቅድሚያ የለም፣ ቦታ መዋዋስ የለም፣ ቁልፍ ያዥዋ እኔም ብሆን በተራዬ። አጨበጨቡልኝ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ ታደሰ፣ ጡረተኛ ወታደር ናቸው፣ በዚያ በሚያምር ጽሑፋቸው ጻፉት። ሁላችንም ፈረምን።

ሐሙስ፣ የካቲት 5። ማታ 1 ሰዓት

ዛሬም ውሃው ሳይታሰብ ለሁለት ሰዓት መጣ። ምነው በቀረ።

ዘይነብ መጣች። ሃያ ዓመት በአንድ ግንብ የተጎራበትን፣ ልጄን ቤዛዬን ኩፍኝ የያዛት ጊዜ አብራኝ ቁጭ ብላ ያደረች ሴት። ምራቷ ትናንት ወልዳለች። አንድ ጀሪካን ብቻ አለችኝ። እውነቷን እንደሆነ አውቃለሁ፤ የሕፃኑ ልቅሶ በግንቡ በኩል ይሰማኛል። ሰዉ ሁሉ እኔን እኔን ያያል። ሙሉ ከኋላ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች።

ሕጉ እኮ፣ ዘይነብ፣ አልኳት።

«እኔም ፈርሜያለሁ፣ ጽጌ» አለች። ጀሪካኗን አንስታ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ሊደርሳት አራት ሲቀር ውሃው ቆመ። ከቤቴ ግማሽ ጀሪካን ላክሁላት። አላህ ይስጥሽ ብላ እንዳለ መለሰችው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 7

ቤዛ መጣች። ባሏ ሐኪም ጋራ ሰፈር ካለው ቤታቸው በባጃጅ አመጣት፣ ዘጠነኛ ወሯ፣ ሆዷ ቀድሟት ገባ። የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ነው የሚወለደው፣ ይሄን የማላውቅ ነኝ? ግን እዚያ ስብሰባ ላይ ቆሜ ስለፈልፍ ትዝም አላለኝ። ወላሂ አላለኝም። (ከዘይነብ ጋር ኖሬ ኖሬ መሐላዬም የሷ ሆኗል።) ሲጨበጨብልኝ ጊዜ ሌላው ሁሉ ከጭንቅላቴ ጠፋ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 10። ከሰዓት

ሴት ልጅ። ቤዛ ጤና ጣቢያ በሰላም ተገላግላ ገባች። እግዚአብሔር ይመስገን። የሕፃኗ ጸጉር ብዛቱ፣ አፍንጫዋ የኔ፣ ምስኪን።

ጎረቤት ሲገባ ሲወጣ ዋለ። ሁሉም አንድ ቃል። ጀሪካንሽን ፊት አድርጊ፣ ማን ምን ይልሻል፣ ቁልፉ በእጅሽ። ደግነታቸው አናደደኝ። ለዘይነብ ጊዜ የት ነበራችሁ ልል ነበር። ያኔ ግን አፌን ሞልቼ እምቢ ያልኩት እኔው ነኝ።

ዘይነብ አልመጣችም። ቴምር በሰሃን ላከች።

ጾሙ ትናንት ገባ፣ ረመዳን ነገ ነው ይላሉ። ሁሉም ቤት ውሃ ይፈልጋል።

ረቡዕ፣ የካቲት 11። 8 ሰዓት

ሠላሳ አንደኛ ነበርኩ። ውሃው ሃያ ስድስተኛው ላይ ቆመ።

ጋሽ ታደሰ በከዘራቸው ጀሪካኔን ወደ ፊት ገፋ ገፋ አድርገው ነበር፣ እያዩኝ፣ እንደ ጨዋታ። እሳቸው ሲዞሩ መልሼ አስቀመጥኩት። እኔው ቆሜ የሰዉን ሃያ ስድስት ጀሪካን ሞላሁ፣ የራሴን ባዶውን ይዤ ገባሁ። ኩራትም ተሰምቶኛል፣ ካንቺ አልደብቅም።

ኩራቱ እስከ በሩ ነው። ቤዛ ሸሚዟ ወተት በወተት፣ የሕፃኗ ጨርቅ በሳፋ ተቆልሎ። ባሏ ከጋሪ የገዛው ውሃ ጨው ጨው ይላል፣ ሰውነት አይታጠቡበትም።

«እማ፣ ይሄን ለማን ብለሽ ነው?»

ለሰው ያልፈቀድኩትን ለራሴ አልፈቅድም አልኳት።

«እኔ አንቺ ነኝ እንዴ?» ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች። እስካሁን አኩርፋለች። አኩርፋም ግን ገንፎውን በላች፣ ሆዴን አላቆሰለችውም።

ዓርብ፣ የካቲት 13። ከሰዓት

ዘይነብ ዘንድ ሄድኩ። ምራቷን ሳልጠይቅ ሳምንት አለፈኝ፣ አፍሬ። እሷ በጾም አፏ፣ ደክሟታል። ይቅርታ ልል ተነሳሁ፣ ግን አፌ ሌላ አመጣና ስለ ረቡዑ ጀመርኩ። የራሴንም ልጅ እኮ ከለከልኩ፣ አየሽ አይደል፣ አልኳት። ደስ የሚላት መስሎኝ።

«አቦ ተዪኝ» አለች። «ቤዛ ሳትታጠብ ስትቀር የኔ ምራት ታጠበች? ያኔ አንድ ነበረች፣ አሁን ሁለት ሆኑ። አራሶቹን ቆጥረሽ ልትኮሪ ነው?»



ከዚያ ሕፃኑን አምጥታ ጭኔ ላይ አኖረችልኝ። ወንድ ነው፣ ከባድ። የኔዋ ይሄን አታክልም። ስወጣ በሩ ላይ፣ ሕጉን ያመጣሽው አንቺ ነሽ፣ አንቺው መልሺው አለችኝ። አሁን ብመልሰው ለልጇ ስትል ነው ይሉኛል አልኳት። «ይበሉሻ። እኔን ያን ዕለት ምን ሲሉኝ እንደነበር ታውቂያለሽ? ከዋሾዎቹ ጋር ቆጠሩኝ።»

ቅዳሜ፣ የካቲት 14። ጠዋት

ነገ ስብሰባ ነው። ደብተሬ፣ ልቤ ሁለት ቦታ ነው።

መጀመሪያ ያሰብኩት፣ የአራስ ቤት ቅድሚያ ይመለስ፣ ከኔ ቤት በቀር። እንዲህ ብል ማንም አያማኝም፣ እንዲያውም ሌላ ጭብጨባ አለ። ግን ይሄ ለኔ ስም ነው እንጂ ለሕፃኗ ምኗ ነው? ዝም ብዬ ብተወው ደግሞ መጥፎ መሆኑን ያወቅሁትን ሕግ ሐቀኛ ለመባል ብዬ ልይዝ ነው። ዕድሜ ልኬን አላዳላም ስል የኖርኩ ሴት፣ ላለማዳላት ስል ሁለት አራስ አስጠማሁ። ማንን እንደምናደድ አላውቅም። ውሃውን ነው፣ ሙሉን ነው፣ ራሴን ነው። ከሁሉ ራሴን።

እሑድ፣ የካቲት 15። 2 ሰዓት ተኩል

ከቅዳሴ መልስ። ጋሽ ታደሰ ወንበር እያስወጡ ነው፣ በመስኮት ይታዩኛል። ቤዛ ምን ልትይ ነው አለችኝ፣ ነገርኳት። ሰው ይስቅብሻል እማ አለች። አውቃለሁ።

እንዲህ እላለሁ። ሕጉን ያመጣሁት እኔ፣ የተሳሳትኩትም እኔ። ዘይነብን በሰው ፊት መለስኳት፣ በሰው ፊት ይቅርታ እላታለሁ። አራስ ቤትና ለቅሶ ቤት ይቅደም። እውነት ነው አይደለም የሚለውን በየቤቱ ሄጄ በዓይኔ አያለሁ፤ የኔን ቤት ደግሞ ዘይነብ ትይ። ለልጇ ነው ይበሉኝ። ልጄም አለችበት፣ አልክድም። ቁልፉን ከፈለጉ ይውሰዱት።

ውሃ ሲመጣ የዘይነብን ጀሪካን አንደኛ አደርጋለሁ። የቤዛን ሁለተኛ፣ በራሴ እጅ፣ ሁሉም እያየኝ። ከዚያ የመጣው ይምጣ።