አባትሽ ፖርቶ ቫያርታ ላይ የፈረመው ውል

ለምወድሽ ልጄ ለኖኤሚ፣

ከባልሽና ከልጆችሽ ጋር እንዴት ሰነበታችሁ? የቲኋና ብርድስ እንዴት ይዟችኋል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደኅና ነን።

ለዕረፍት ፖርቶ ቫያርታ ሄደን አንጀቴ አርሮ ተመለስኩ። አባትሽን ነጻ ቁርስ ብለው ወሰዱትና፣ በየዓመቱ አንድ ሳምንት እዚያ ሆቴል የምናርፍበትን የሠላሳ ዓመት የክፍል ግዢ ውል አስፈረሙት። በሰባ አራት ዓመቱ! በአምስት ቀን ውስጥ መሰረዝ እንደሚቻል ስሰማ፣ በማግስቱ እጁን ይዤ ወደዚያው ቁርስ ቤት ሄድኩ።

ያስፈረመው ሻጭ ሽቶ ውስጥ የተነከረ ጎረምሳ ነው፤ ሳቁ ያቅለሸልሻል። "ዶን ኤቫሪስቶ፣ አባቴ!" ብሎ አቀፈው።

አባትሽም በትሕትና "ይቅርታ፣ ማን ልበል?" አለው። ትናንት አራት ሰዓት ሙሉ አብረው ተቀምጠው ነበር።

የልጁ ዓይን በራ። "እንግዲያው ከዚህ የተሻለ ክፍል ላሳይዎታ!" አይል መሰለሽ?

"አንተ ጥንብ አንሳ! የገዛ አባትህን እንዲህ ታደርገዋለህ?" ብዬ ጮህኩ።

"እትዬ፣ ኧረ ይረጋጉ፤ ሰው እየሰማ ነው።"

"ይስማ! መሰረዣው ላይ ማኅተምህን ምታ!"

ቁርስ የሚበላው ሁሉ ማንኪያውን አስቀምጦ ሲያየን፣ ማኅተሙን መትቶ ወረቀቱን ሰጠኝ። ሊጨብጠኝ እጁን ሲዘረጋ ጥዬው ወጣሁ።

አባትሽ መንገድ ላይ "ጥሩ ልጅ ነበር፤ ለምን ተቆጣሽው?" አለኝ። አሁን ዳቦ ቤት እንኳ አብረን ነው የምንሄደው። ለጎረቤት ጉልበቱን ያመዋል ብያለሁ።

ለገና ኑ፤ ዘንድሮን አታሳልፉት። ልጆቹን በሁለታችንም ስም ሳሚልኝ። አባትሽ ድምፅሽን ሲሰማ ደስ ይለዋል፤ ስትደውይ ግን መጀመሪያ ስምሽን ንገሪው።

እናትሽ ኦቲልያ