ጭኮው ላይ ያለው እጅ

እማዬ፣ የኔ ግራኝ፣

እንደምን ሰነበትሽ ብዬ አልጀምርም፤ የምትመልሽልኝ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ወረቀት ምን አስጨረሰኝ። ከተለያየን ዓመት አልፎናል። እነአባ የሚቆጥሩት ከቀብርሽ ቀን ነው፤ የሙት ዓመትሽም የወጣው በእሱ ነው። እኔ ግን የምቆጥረው ከመካነ ሰላም መናኸሪያ ነው። ሚኒባሱ ሲንቀሳቀስ በነጠላሽ ጫፍ ዓይንሽን ጠረግሽ፤ ወዲያው ደግሞ ረዳቱን ጣራ ላይ የጫናት ባልዲ እንዳትወድቅ ብለሽ ተቆጣሽው። ለእኔ የተለየሽኝ ያኔ ነው። ስትሞቺማ ማንም አልነገረኝም።

አሁን የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። የምጽፍልሽ ከዚያው ከምታውቂው ዶርም፣ ሰው በተገላበጠ ቁጥር ከሚጮኸው የብረት አልጋ ላይ ሆኜ ነው። ይመርም ደህና ነው፤ ባለፈው ተመረቀና ወደ ከላላ ተመለሰ። ያ ባልዲሽን ከመናኸሪያ ተቀብሎ የሚያመጣልኝ፣ ለተሸከመበት ድርሻውን ካልቆረስኩለት የማይሄደው ልጅ።

መጀመሪያ ዓመት ላይ ትምህርቱን ጥዬ እንደመጣሁ ትዝ ይልሻል? እንዴት ይረሳሻል፣ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርተሽ ስቀሽብኛል። የተመደብኩበት አገር ቆላ፣ ሙቀቱ ሰው የሚያቀልጥ፤ እኔ ደግሞ ያን የበግ ጠጉር ብርድ ልብሴን፣ ባናዬን ተሸክሜ ወርጄ። የባናው ክብደት ካልተጫነኝ እንቅልፍ አልወስድ አለኝ፤ በላብ ተጠምቄ ባና እለብሳለሁ። የዶርሜ ልጆች ይቺ ወሎዬ ለይቶላታል አሉ። የካፌው ወጥ ውስጥ ምስር ለማግኘት ዋና መቻል ያስፈልጋል። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ያባረረኝ ወጡ አልነበረም። ጠዋት ጠዋት ዶሮዎቹን ስትሳደቢ መስማት ናፈቀኝ። ከጎኔ ከግድግዳው ወዲያ ጥጃዋ ስትተነፍስ መስማት ናፈቀኝ። ማንም የማይቆጣኝ ቦታ መኖር እንደዚያ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር።

ሳልናገር ስመጣ አልጮህሽብኝም። አበላሽኝ፣ አስተኛሽኝ፣ በማግስቱ ገብስ ቆልተሽ አስፈጨሽና በቅቤ ስትለውሺው ዋልሽ። ጭኮውን በትንሿ ቢጫ ባልዲ ጠቅጥቀሽ አስታቀፍሽኝ። ያልሽኝን ቃል በቃል ይዤዋለሁ።

«ቤቱ የትም አይሄድ። የምትሄጂው አንቺ ነሽ። ስትናፍቂን ከዚህ ቆርሰሽ ቅመሺ፣ ተማሪ።»

ዶርም ደርሼ ክዳኑን ስከፍት እጅሽ ላዩ ላይ ነበር። ከጠቀጠቅሽው በኋላ መዳፍሽን አሳርፈሽ ተጭነሽው ኖሮ አምስቱም ጣቶችሽ ቅቤው ላይ ታትመዋል። ግራ እጅሽ ነበር። አንቺ ለእንግዳ በቀኝሽ ነበር የምታቀርቢው፣ ሰው እንዳያማሽ እየተጠነቀቅሽ። ለእኛ ግን ሁሉም ነገር በግራሽ ነው፤ በግራሽ ታጎርሺናለሽ፣ በግራሽ ጸጉራችንን ትሠሪናለሽ፣ በግራሽ ትቆነጥጪናለሽ። እና ያንን እጅ ሳይ አለቀስኩ፣ ከዚያ ከዳር ከዳሩ መብላት ጀመርኩ። እጅሽ ያለበትን መሃሉን ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የምነካው። ከዚያ ወዲህ ባልዲ በመጣ ቁጥር እንደዚያው ሆነ። የመጨረሻውን ግን፣ የመጨረሻ መሆኑን የነገረኝ ስለሌለ፣ ከልጆቹ ጋር እየተሳሳቅን ጨረስነው። እሱ አሁንም ያንገበግበኛል።

ፈተና ሊደርስ ሲል ደግሞ ባልዲ መጣ። ይመር አመጣው፤ አልቀለደም፣ ድርሻዬን አላለም፣ በር ላይ አስቀምጦ ክፍል አለኝ ብሎ ሄደ። ከፈትኩት። እጅ አለው። ግን አውራ ጣቱ ያለቦታው ነው። ባልዲውን አዟዟርኩት፤ እንዴትም ባዞረው ያው ነው። ቀኝ እጅ ነው፣ ቀጭን፣ የልጅ እጅ። መጀመሪያ ሳቅሁ፤ እማ ደግሞ ከመቼ ወዲህ እንደ እንግዳ ታየኝ ጀመር አልኩ። ሳቄ ሳያልቅ ክዳኑን መልሼ ገጠምኩት። በዚያ ሙቀት ብርድ ብርድ አለኝ፣ እማ።

ደወልኩ። ኔትወርክ ለማግኘት አባ ወደ ዳገቱ እስኪወጡ ድረስ ጥፍሬን በላሁት። እማስ ስላቸው ጠበል ወርዳለች አሉ። ድምፃቸው ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። በማግስቱ ታናሽ እህቴ ሰብለ አነሳችው፤ እሷ ደግሞ ከላላ ለቅሶ ደርሳ ነው አለችኝ። አንዲት እናት ጠበልም ለቅሶም አንድ ላይ አትሄድም። ሁለቱም ግን ንግግራቸውን የጨረሱት በአንድ ቃል ነው፤ ፈተናሽን ብቻ ተፈተኚ። ይመርን ቤተ መጻሕፍት በር ላይ ይዤ አፋጠጥኩት። ጫማውን እያየ እሱም ፈተናሽን ጨርሺ አለኝ። አገር ሙሉ የተማከረበት ቃል ነበር።

ከዚያ በኋላ አልጠየቅሁም። ስልኩን አነሳና መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ካልጠየቅሁ አልሞትሽም ብዬ ነው። የሚነግረኝ እስኪመጣ ድረስ በሕይወት አለሽ፤ እኔ ብቻ እንዳላስነግር መጠንቀቅ አለብኝ። ሰው ስሜን ከኋላዬ ሲጠራኝ እርምጃዬን አፈጥናለሁ። ምግብ አይወርድልኝም፣ ባልዲውን ደግሞ መንካት ፈራሁ። አውቶቡስ ይዤ ልምጣ እላለሁ፣ ሻንጣዬን አወጣለሁ። ከመጣሁ ግን እዚያ ምን እንደሚጠብቀኝ አውቃለሁ፤ መልሼ ከአልጋው ሥር እከተዋለሁ። ተማሪ ብለሽኝ የለ፣ ተማርኩ። ፈተናው ላይ የጻፍኩትን አላስታውስም፤ ብቻ አለፍኩ።

ፈተናው ሲያልቅ ይመር ካልሸኘሁሽ ብሎ አብሮኝ ተሳፈረ። አቀስታ ላይ ጉሙ መስኮቱን ዘጋው። የናፈቀኝ ብርድ መጣ፣ እኔ ግን ደስ አላለኝም። ይመር ጃኬቱን አውልቆ አለበሰኝ። መካነ ሰላም ስንወርድ ሁልጊዜ ሽንኩርት የምትሸጥልሽ ሴትዮ አየችኝ። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ፊቷን አዞረች።

ወደ ቤት አላስገቡኝም። ጎረቤታችን አባባ ሰይድ ምርኩዛቸውን ይዘው መንገድ ላይ ጠበቁኝና አብሽሪ ልጄ፣ ዛሬ የእኛ እንግዳ ነሽ ብለው ወደ ቤታቸው ወሰዱኝ። መርዶ በማለዳ ነው የሚነገረው፣ በባዶ ሆድም አይነገርም። ይህን እኔም አውቃለሁ፤ እኔ እንደማውቅ እነሱም ያውቃሉ። ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ የእስላም ሥጋ እንደማልበላ አስበው ሽሮ ሠርተው አቀረቡልኝ። እጄን ሰበሰብኩ። ግን አዛውንቱ ዓይን ዓይኔን ያያሉ፤ ካልበላሁ እንቅልፍ አይወስዳቸውም፣ እና በላሁ። በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ እህል የለም።

እየበላሁ ሰብለ ገባች። ጥቁሯን አውልቃ የእኔን አረንጓዴ ሹራብ ለብሳለች፣ እንዳላውቅ ብላ። ሻሿን ግን እስከ ቅንድቧ አውርዳዋለች፤ ጸጉሯን እንደላጨች ገባኝ። ሳመችኝ፣ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። የሹራቡን እጅጌ በጣቷ ትጠመዝዛለች። ከዚያ ጭኮው ደረሰሽ ወይ አለችኝ። አየሻት እማ? አንቺ በተቀበርሽ ሳምንት፣ ለቀስተኛ ቤቱን ሞልቶት፣ ባልዲው ከዘገየ ትጠረጥራለች ብላ ብቻዋን ማድቤት ገብታ የለወሰችው እኮ ነው። እጅሽንም አልረሳችም። የረሳችው የትኛው እጅ እንደሆነ ብቻ ነው። እትዬ ዘይነባ ሥራቸውን ትተው ቆሙ።

«ደረሰኝ» አልኳት። «የእማ እጅ መች ይጠፋኛል።»

እጅጌውን ለቀቀችው። ያችን ታህል እፎይታ ልሰጣት ቻልኩ።

ጠዋት ሽማግሌዎቹ ከቄሱ ጋር መጡ፣ የነገሩኝ ግን አባባ ሰይድ ናቸው። ሳውቀው የከረምኩት ነገር ምን ያስጮኸኛል ብዬ ነበር። ጮህኩ። ሰው አፍ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ሌላ ነው፣ እማ። ያን ጠዋት ነው የሞትሽብኝ።

ቤቱ የትም አይሄድ ብለሽኝ ነበር፤ እውነትሽን ነው፣ አለ። ላሚቱ ሌላ ጥጃ ወለደች፣ ሴት። ዶሮዎቹን የሚሳደብ ስለጠፋ መደቡ ላይ ወጥተው ይተኛሉ። አባ እግራቸውን ራሳቸው ይታጠባሉ፣ ከዚያ ውኃውን ሳይደፉ ረጅም ሰዓት ያዩታል። የባና ድርድርሽን አልፈታነውም፣ ገና አንቺን አንቺን ይሸታል። ሰብለ በትምህርቷ ጎበዝ ናት፤ ስትቆጣ ቁርጥ አንቺን ናት።

አርባሽ ወጥቶ ወደ ትምህርቴ ልመለስ ስል ሰብለ ጭኮ ለወሰች። እኔ በሩ አጠገብ ሻንጣዬን አስራለሁ። ባልዲዋ ውስጥ ጠቅጥቃ ስትጨርስ የቀኝ እጇን ዘረጋች፣ ቆመች፣ ቀና ብላ አየችኝ። እኔም አየኋት። ቀኙን በቀሚሷ ጠረገችና በግራዋ ተጫነችው። ክዳኑን ገጥማ ሰጠችኝ።

እና ከዚያ ወዲህ የሚመጣው ሁሉ የግራ እጅ ነው። ገና አልለመደላትም፣ ጣቶቹ ይጣመማሉ። የሰሞኑ ባልዲ አሁን አልጋዬ ሥር ነው፤ ዳሩ አልቋል፣ መሃሉ አለ። እኔ ከሰኔ በኋላ ተመርቄ እገባለሁ፤ ሰብለ ደግሞ ተራዋን ትወጣለች፣ የትም ቢመድቧት። የዚያን ጊዜ ገብሱን የምቆላው፣ ቅቤውን የምለውሰው እኔ ነኝ። እንዳልረሳሽ ቃሌ ይኸው ነው፤ ከአሁኑ በግራዬ መጻፍ እየተለማመድኩ ነው፣ የዚህ ደብዳቤ ፊደል የተንጋደደው ለዚያ ነው። እሷም ስትናፍቅ ከዳር ከዳሩ ትብላ።

ልጅሽ