ማርሹ ሲይዝ ወገብህ እንዲያውቀው

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ደህና ነህ ወይ እያልኩ ወረቀት አልፈጅም። ደህና መሆንህን፣ ምግብ በደንብ እንደምትበላ፣ ጠዋት ጠዋት ሰፈሩን አንዴ ዞረህ እንደምትገባ ልጅህ በስልክ ነግራኛለች። እሷ የማትነግረኝንም አውቃለሁ፤ በመስኮቱ ሥር የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር አንገትህ አብሮት ይዞራል።

የምጽፍልህ ስለ እንቁላል መጫኛ መኪናችን ነው። ቁልፉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠህ፣ «ወይ ሽጪው፣ ወይ ሹፌር ቅጠሪ፤ እኔ በቃኝ» ያልክ ቀን፣ ካንተ ጋር መከራከር እንደማያዋጣ ስለማውቅ ቁልፉን አንስቼ መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት። በሩ ላይ ስትደርስ ግን ዞር አልክና አንድ ነገር ጨመርክ። «ሲይዝ አላወቅኩትም» አልክ። ከዚያ ሁሉ ንግግር ከጭንቅላቴ አልወጣ ያለችው እቺ ነገር ናት።

እኔ እንደገባኝ ላስቀምጠው፤ ከተሳሳትኩ ታርመኛለህ። ያን ቀን ወደ ገበያው የሚወስደውን ረጅሙን ቁልቁለት ስትጀምር፣ እንደ ወትሮህ የማርሹን ዘንግ ወደ ሁለት መለስከው። ማርሹን ራሱ የሚቀይረው አውቶማቲክ ካምቢዮ ደግሞ የታዘዘውን ወዲያው አይፈጽምም፤ ፍጥነቱ እስኪወርድለት ይጠብቅና ከዚያ ይይዛል። ድሮ ሞተሩ ጮክ ሲል ትሰማና፣ ያዘ ብለህ ፍሬኑን ትለቃለህ። ያን ቀን ጆሮህ ምንም አልነገረህም። የያዘ መስሎህ ለቀቅክ፤ አልያዘም ነበር። መኪናው ከነጭነቱ አመለጠህ፤ ፍሬኑ እስኪጨስ ረግጠህ ከታች ሜዳው ላይ አቆምከው። ሰው አልተነካም። እንቁላላችን ግን በየጎኑ ሲፈስ ዋለ።

ሐኪሙ ጆሮህ እንደማይመለስ ነግሮሃል። ዓይንህ ግን የጎረምሳ ዓይን ነው ብሏል። መንጃ ፈቃድህንም ማንም አልቀማህም፤ ራስህ ነህ ከራስህ የቀማኸው።

እኔን ደግሞ ታውቀኛለህ፤ አንድን ዕቃ አገላብጬ ሳላየው አልሸጥም። በዕለት ማስታወሻዬ ላይ «ሰው ማርሽ መያዙን በምን ያውቃል?» ብዬ ጻፍኩና ከማግስቱ ጀምሮ ያገኘሁትን ሹፌር ሁሉ መጠየቅ ያዝኩ። የሲሚንቶ ጫኙ «በጆሮ» አለኝ። የቦቴው ሹፌር «በጆሮ ነዋ፣ ደግሞ በምን ሊሆን ነው!» ብሎ ሳቀብኝ።

«የሞተሩን ዙር የሚያሳየውን ቆጣሪ እያየስ?» አልኩት።

«ቁልቁለት ላይ ዓይንሽን ከመንገድ አንስተሽ? እንግዲያው ኑዛዜሽን ጽፈሽ ውጪ።»

አንድ ያረጀ አውቶቡስ የሚነዳ ሰውዬ ብቻ ትንሽ አሰብ አድርጎ፣ «የድሮዎቹ ሲይዙ ወገብሽን ያንገጫግጩሽ ነበር። የዛሬዎቹ ቅቤ ናቸው፤ መቼ እንደቀየሩ ሳታውቂው ትደርሻለሽ» አለኝ። ቁጭ ብዬ ያሰብኩት ያኔ ነው። ለካ ጆሮህ ብቻ አይደለም የከዳህ፤ መኪናውም አብሮ ዝም ብሎሃል። የጆሮህን ነገር እኔ አልችለውም። መኪናው ግን የእኔም ነው።

ካምቢዮ ሠሪ ፈለግኩ። ያገኘሁትን ሰው መንደሩ ሁሉ «ሹክሹክታ» ይለዋል፤ ምክንያቱም ሲያወራ ከመንገዱ ማዶ ይሰማል።

«መኪናው ማርሽ ሲቀይር ወገብ ላይ እንዲሰማ ማድረግ ትችላለህ?» ስለው እጁን በጨርቅ እየጠረገ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«እትዬ፣ ሰው እዚህ የሚመጣው ‹መኪናዬ እያንገጫገጨኝ ነው፣ አለስልስልኝ› ብሎ ነው። አንቺ እንዲያንገጫግጭሽ ልትከፍዪ ነው?»

«እኔን ሳይሆን ወንድሜን።»

«አሃ! ተጣልታችኋል?»

ነገሩን ካስረዳሁት በኋላ ግን ሳቁን አቁሞ ካምቢዮውን ከሥር አውርዶ ከፈተልኝ። ወንድም ጋሼ፣ ያን ሁሉ ዓመት ስንቀመጥበት የኖርነው ነገር ውስጡ ምን እንደሚመስል አይተህ ታውቃለህ? የጉንዳን ቤት ነው። ዘይቱ የሚሄድባቸው ቀጫጭን መንገዶች እየተጠማዘዙ ይገናኛሉ፤ በላያቸው ላይ የተበሳሳች ስስ ብረት አለች። ዘይቱ በእነዚያ ጠባብ ቀዳዳዎች ቀስ ብሎ ስለሚገባ፣ ፍሪሲዮኖቹ፣ የሞተሩን ጉልበት ወደ ጎማ የሚያስተላልፉት ሳህኖች፣ እየተንሸራተቱ ቀስ ብለው ይያያዛሉ። ይህም አልበቃ ብሎ ግፊቱን የሚያለዝብ ሞላ አስገብተውለታል። ፋብሪካው ለምቾት ብሎ ነው፤ ስላንተ ማንም አላሰበም።

«ቀዳዳውን ሰፋ፣ ሞላውን ጠንከር ላድርገው» አለ ሹክሹክታ። «ዘይቱ ባንዴ ይገባል፣ ባንዴ ይይዛል። መንሸራተት ስለሚቀንስ ለፍሪሲዮኑም ዕድሜ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝና፣ መቀመጫሽ ከጆሮሽ ቀድሞ ይሰማል።»

ሲጨርስ ጆሮዬ ውስጥ ጥጥ ወተፍኩ፤ በላዩ ላይ ብረት ሲሞርዱ የሚያደርጉትን የጆሮ መከላከያ ደፋሁና ከጎኑ ተቀመጥኩ። ዓይኔን ጨፍኜ፣ መኪናው ማርሽ በቀየረ ቁጥር እጄን አወጣለሁ፤ እሱ እየነዳ ያያል። አንዱም አላመለጠኝም። መንገደኛው እንደ ተማሪ እጇን የምታወጣ ጎልማሳ ሴት ሲያይ ምን እንዳለ አልሰማሁም፤ ጥጡ ጠቀመኝ።

ስህተታችን በማግስቱ ታየ። የሞከርነው ባዶ መኪና ነበር። ዕድሜዬን እንቁላል የጫንኩ ሴት፣ ባዶ መኪና ላይ ተቀምጬ «ግሩም ነው» አልኩ! ጠዋት ሙሉ ጭነት ጭነን ገና ከበሩ ሳንርቅ፣ ከአንድ ወደ ሁለት ሲቀይር ጓ! አለ። ትሪዎቹ ዘለው ሲወርዱ ሰማሁ፤ ከኋላው በር ሥር ቢጫ መንጠባጠብ ጀመረ።

ሹክሹክታ በኩራት ዞር ብሎ «ተሰማሽ?» አለኝ።

«እኔማ ተሰማኝ። እንቁላሎቹም ተሰማቸው።»

«መልሰህ አጥብበው» ስለው ራሱን ነቀነቀ። የሰፋ ቀዳዳ አይጠብም፤ ሌላ ብረት መግዛት ነው። እሺ ብዬ ገዛሁ፤ ነገር ግን መሰርሰሪያውን ከማንሳቱ በፊት እጁን ያዝኩት። ገበያ ላይ የምጠይቀውን ጥያቄ ነው የጠየቅኩት፤ ሁሉንም ለምን እንገዛለን? ስትነሳ መንገዱ ፊት ለፊትህ ነው፤ ከአንድ ወደ ሁለት መቀየሩን ብታውቀው ባታውቀው የሚጎዳህ የለም። አንተ የምትፈልገው ቁልቁለት ላይ ከሦስት ወደ ሁለት ሲወርድ መያዙን ነው። ሌላው እንደ ቅቤነቱ ይቆይ።

«እሱስ ይቻላል» አለ ጭንቅላቱን እያከከ። «ግን እንዲህ አድርግልኝ ያለኝ ሰው የለም።»

ከዚያ ወዲያ ሞላ መቀያየር ሆነ ሥራችን። ኋላ እንቁላል ደርድረን፣ እኔ ጥጤን ወትፌ፣ እየነዳን እንመለሳለን። በአንዱ ሞላ እጄ አልተነሳም። በሌላው እጄም እንቁላሉም አብረው ተነሱ። በሁለቱ መካከል ያለውን ስንፈልግ ጎረቤት ሁሉ አብዳለች አለኝ።

በዚያው ጥጥ ሌላም ነገር ተማርኩ። ሹክሹክታ እየነዳ አፉ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ምን አልክ እያልኩ ማድከሙ ስላሳፈረኝ ፈገግ ብዬ ራሴን እነቀንቃለሁ። ለካ የመኪናውን ፊት አረንጓዴ ልቀባው ወይ እያለኝ ኖሯል። ስታየው እንዳትደነግጥ፤ አረንጓዴ ነው። ያኔ ትዝ ያለኝ ባለፈው ዓመት ባለቤቴ የአክስቱን ሕመም ሲያወራ፣ አንተ ብቻህን የሳቅከው ሳቅ ነው። ለምን አልነገርከኝም ብዬ አልጠይቅህም። እኔም ቀለሙ እስኪደርቅ ድረስ ለማንም አልተናገርኩም።

በመጨረሻ የተስማማንበትን ሞላ ረጅሙ ቁልቁለት ላይ ሞከርነው፤ ሙሉ ጭነት ጭነን፣ ዓይኔን ጨፍኜ። ዘንጉን ወደ ሁለት ሲመልሰው እጄን ነካ አድርጎ ነገረኝ። ከዚያ መጠበቅ ነው። እንዲህ እንደሚረዝም አላውቅም ነበር። ድምፅ የለም፤ መኪናው ብቻ ወደ ታች እየሳበ ይሄዳል፤ እግሬ የሌለ ፍሬን ይረግጣል። አንተ በዚህ መጠበቅ ውስጥ ስንት ጊዜ ብቻህን አለፍክ? ድንገት አንድ ጉልበተኛ መኪናውን ከኋላ ጨብጦ የያዘው ያህል ሆነ፤ ወገቤ አወቀው፤ ደረቴ ወደ ፊት ሄደ። «ያዘ!» ብዬ ጮህኩ። ሹክሹክታ ከወንበሩ ዘለለ፤ በጩኸት ሰው ሲበልጠው የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ከታች አቁመን ትሪዎቹን አንድ በአንድ አየሁ። የተሰነጠቀ የለም።

አሁን ልብ ብለህ አንብብ። ሌላ ሹፌር ሞክሬአለሁ፤ ይነዳል። ግን ስለ መኖ ዋጋ ሳማርር እንዳንተ ዝም ብሎ የሚያዳምጠኝ አይደለም። አሁን ሳስበው አንተም አልሰማኸኝም ኖሯል! ቢሆንም ያንተ ይሻለኝ ነበር።

ለመኪናው ገዢ አለ፤ ዛሬ ማታ መልስ ስጪኝ ብሎኛል። የእኔ ወገብ ያንተ ወገብ ስላልሆነ መልሱን እኔ ልሰጠው አልችልም። ይህን ደብዳቤ በእጅህ የሰጠህ ሰውዬ ሹክሹክታ ነው። መኪናው እንቁላል እንደጫነ በርህ ላይ ቆሟል፤ ገበያው ከቁልቁለቱ በታች ነው። እስከ ቁልቁለቱ ግማሽ ድረስ ሹክሹክታ ይንዳ፤ አንተ ከጎኑ ተቀመጥና ሲይዝ እጅህን አውጣ። ግማሹ ላይ ሰፊ ማቆሚያ አለ፤ ታውቀዋለህ። እዚያ ይቆማል። ካልተሰማህ ወንበርህን ሳትለቅ ከእሱ ጋር ቁልቁለቱን ጨርስ፤ ለገዢው እሺ እለዋለሁ፤ ይህን ነገር ዳግመኛ በአንተ ፊት አላነሳውም። ከተሰማህ ቦታ ተቀያየሩ።

እኔ ማራገፊያው በር ላይ ነኝ። አረንጓዴው መኪና ታጥፎ ሲገባ፣ ከጭነቱ በፊት የማየው በመሪው በኩል የተቀመጠውን ሰው ነው።

እህትህ