በ«ልዩ ልዩ» ሥር ስለ ቀረው የእንጦጦ ተዳፋት

የካ፣ ግንቦት ፲፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.
በሰባ ዘጠኝ ዓመት ከአራት ወር ዕድሜዬ የተጻፈ

ለተከበሩ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ፖሊሲ አማካሪ ጉባኤ ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ አዳራሽዎ ወለል የጸና፣ እንቅልፍዎም ዝናብ የማይቀሰቅሰው ይሁን እያልኩ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ። እኛ ከእንጦጦ ማርያም በታች ባለው ተዳፋት የምንኖር ሰዎች፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ደኅና ነን።

ባለፈው ወር ስብሰባዎን በምርቃት እንድከፍትና እንድዘጋ በሽማግሌነቴ ስለ ጠሩኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ኮተቤ መምህራን በማሠለጥንበት በዚያ ደግ ዘመን፣ አማካሪ ማለት ነገሩ ሳይወሰን የሚጠየቅ ሰው ይመስለኝ ነበር፤ ከተወሰነ በኋላ የሚያጨበጭብ መሆኑን በዚህ ዕድሜዬ ስላስተማሩኝ ባለውለታዬ ነዎት። ቅሬታዎቼ፣ ቅሬታ ከተባሉ፣ እነሆ።

፩. የከርሰ ምድር ባለሙያዋ ዶክተር ሶሬቲ ከቤቶቻችን በላይ ያለው መሬት መሰንጠቁን አይተው፣ ክረምት ሳይገባ ውኃውን ወደ ጎን የሚያወጣ ቦይ እንዲቆፈር የሚመክር ጥናት ይዘው ቀረቡ። ጉባኤው ጥናቱን ከአጀንዳው ግርጌ፣ «ልዩ ልዩ» ከሚባለው ሥር በክብር አኖረው። በአገራችን ስብሰባ «ልዩ ልዩ» ላይ ከመደረሱ በፊት ምሳ እንደሚደርስ የማያውቅ ሰው የለም።

፪. ጠዋቱ በሙሉ፣ የመሬት መንሸራተትን በሰው ሠራሽ አስተውሎት ተንብዮ በስልክ ስለሚያሳውቅ ሥርዓት ማብራሪያ ሲሰጥ ዋለ። ውሳኔው ቀድሞ ተፈርሞ ስለ ነበር የሁሉም ምክር ከውሳኔው ጋር አንድ ሆነ፤ እንዲህ ያለ ስምምነት በትዳርም አላየሁ። ለጎረቤቴ ለወይዘሮ ዳርቱ ይህንኑ ባጫውታቸው፣ ተራራው እየመጣ ነው ብሎ ከሚደውልልኝ አካፋ ይዞ ቢመጣ ምናለበት አሉ። ይቅር ይበሏቸው፤ ስንጥቁ ከመኝታ ቤታቸው ግድግዳ ደርሶ ትዕግሥት አሳጥቷቸዋል።

፫. ዶክተር ሶሬቲ እጃቸውን አንሥተው ሳሉ ምሳ ደረሰና መርቄ እንድዘጋ ታዘዝሁ። ተነሥቼ «ይህች ልጅ ትናገር» አልኩ፤ አዳራሹ በአንድ ድምፅ «አሜን» አለ። «ቦዩ ዘንድሮ ይቆፈር» አልኩ፤ «አሜን» አለ። «ተቀመጡ፣ ገና አልመረቅሁም» አልኩ፤ ይህንንም «አሜን» ብሎ ወደ ምሳው ሄደ። እርስዎም ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ ብለው፣ ምርቃቴ አጭርና ግሩም እንደ ነበር ነገሩኝ።

ክቡር ሆይ፣ በሚመጣው ሳምንት ስብሰባ የዶክተር ሶሬቲ ጥናት የመጀመሪያው አጀንዳ ካልሆነ አልገኝም፤ ሌላ መራቂ ይፈልጉ። ያን ዕለት ከወይዘሮ ዳርቱና ከልጆቻቸው ጋር ዶማ ይዘን ከስንጥቁ ዘንድ እንውላለን፤ ዶክተር ሶሬቲም መስመሩን ሊያሳዩን ቃል ገብተዋል። በእኔ ክንድ የሚቆፈር ቦይ ሩቅ አይሄድም፤ ከጉባኤው ምክር ይልቅ ግን ርቆ ሳይሄድ አይቀርም።

የጉባኤዎን ዕድሜ ከተራራው ዕድሜ በላይ ያድርግልን፤ አሁን ባለው ሁኔታ ይህ ብዙ መመኘት አይደለም።

ከፍ ካለ አክብሮት ጋር፣ ከተዳፋቱ ላይ፣
ሣህሌ ከበበ
ጡረተኛ የሥነ ጽሑፍ መምህር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ወይዘሮ ዳርቱ አልጋቸውን ወደ ማድ ቤት አዙረዋል። ጉባኤው የሚሰበሰብበት ቤት እንደኛው ከተራራ ሥር እንደ ሆነ ጠየቁኝ። ሜዳ ላይ መሆኑን ብነግራቸው፣ እንግዲያ ገባኝ አሉ። ይህን ጨምሬ ደብዳቤውን አሽጌ እልከዋለሁ።